የኬብል ቦክስ ጀርባ፦ ለማየት የትኛው ቀዳዳ፣ ለመቅዳትስ የትኛው?

አሜሪካ ውስጥ ከኬብል ኩባንያ የተከራዩትን ኤችዲ ቦክስ ከመደርደሪያው ሳብ አድርገው ጀርባውን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ መሃሉ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ያለችው ክብ መግቢያ ከግድግዳው የሚመጣው ገመድ የሚታሰርበት ነው። ጠፍጣፋው ኤችዲኤምአይ ነው። ቦክሱ የቆየ ከሆነ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የተቀቡ ሦስት ክቦች (ኮምፖነንት የሚባሉት)፣ ሰፋ ያለ ዲቪአይ፣ እንዲሁም «1394» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል። ይህ የመጨረሻው ፋየርዋየር ነው። አንዳንዱ ላይ የኔትወርክ፣ የዩኤስቢና የኢ-ሳታ (የውጭ ዲስክ መሰኪያ) ቀዳዳም አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም «ምስል ማውጫ» ብሎ በአንድ ዓይን ሲያያቸው ነው። ኤችዲኤምአይ የተሠራው ለማየት ብቻ ነው፤ ፋየርዋየር ለመቅዳት። አሜሪካ ውስጥ የወጣው ደንብም ሁለቱን ለይቶ ነው የያዛቸው። ይህን ሳያውቁ ኤችዲኤምአይ መግቢያ ያለው መቅጃ ገዝቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ማፍጠጥ የተለመደ ነው።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

በኬብሉ የሚመጣው ምስል የታመቀ ነው። አንድ የኤችዲ ሥርጭት በኤምፔግ-2 ታምቆ ሲመጣ ቢበዛ 19.4 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ይወስዳል። ቦክሱ ያንን ፈትቶ በኤችዲኤምአይ ሲያወጣው ግን 1080አይ (ባለ 1080 መስመር ኤችዲ) ምስል 1 ጊጋቢት በሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ 50 እጥፍ ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ የታመቀው 8.7 ጊጋባይት፣ የተዘረጋው ከ400 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ የሚቀዳ ማንኛውም መሣሪያ ምስሉን እንደገና ማመቅ አለበት፤ ባመቀ ቁጥር ጥራት ይቀንሳል። ፋየርዋየር ግን በኬብሉ የመጣውን የታመቀ ፍሰት እንዳለ ያሳልፋል። የተቀዳው ከመጣው ጋር አንድ ነው።

ሌላው ልዩነት ቁልፉ ነው። በኤችዲኤምአይና በዲቪአይ ላይ የሚሠራው መቆለፊያ ኤችዲሲፒ ይባላል፤ «አንድ ጊዜ መቅዳት ይፈቀዳል» የሚል ደረጃ የለውም። ቦክሱ በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለውን መሣሪያ «አንተ ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ያለው ማሳያ ከሆነ ምስሉን ይለቃል፣ ካልሆነ ይዘጋል። የፋየርዋየሩ መቆለፊያ ዲቲሲፒ ነው፤ ሂታቺ፣ ኢንቴል፣ ማትሱሺታ፣ ሶኒና ቶሺባ በጋራ ስላወጡት «5ሲ» እየተባለም ይጠራል። እሱ አራት ደረጃ አለው፦ በነፃ መቅዳት፣ አንድ ጊዜ መቅዳት፣ ከዚህ በኋላ አለመቅዳት፣ ፈጽሞ አለመቅዳት። ቻናሉ የትኛው ምልክት እንዳለበት ኩባንያው ከላይ ይልካል፤ እርስዎ ከሪሞቱ ሊቀይሩት አይችሉም።

ደንቡ ምን ይል ነበር፣ አሁንስ?

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መነሻው የ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ኮንግረስ በአንቀጽ 629 ተመልካቹ ቦክሱን ከኩባንያው ብቻ ሳይሆን ከገበያም መግዛት እንዲችል የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ። ኤፍሲሲም በ1998 ቻናል የሚከፍተው የደኅንነት ክፍል ከቦክሱ ተለይቶ እንዲሠራ ወሰነ። ኬብልካርድ የምንለው ጠፍጣፋ ካርድ የመጣው ከዚያ ነው። በዲሴምበር 2002 የኬብል ኩባንያዎችና ቴሌቪዥን ሠሪዎች ተስማሙ፤ ኤፍሲሲ ስምምነቱን በሴፕቴምበር 2003 ወደ ደንብ ቀየረው።

ተከራይን በቀጥታ የነካው የደንቡ ቁጥር 76.640 ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2004 ጀምሮ ደንበኛው ከጠየቀ ኩባንያው የሚሠራ ፋየርዋየር ያለው ኤችዲ ቦክስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት፣ ወይም ያለውን ቦክስ በሶፍትዌር ማስተካከል ነበረበት። ከጁላይ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ለደንበኛ የሚገዛቸው ኤችዲ ቦክሶች ሁሉ ሁለቱንም እንዲይዙ ተደረገ፦ ዲቪአይ ወይም ኤችዲኤምአይ ለማየት፣ ፋየርዋየር ለመቅዳት። «የሚሠራ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ቀዳዳው እያለ በሶፍትዌር ተዘግቶ የሚመጣ ቦክስ ብዙ ነበርና ክርክሩ ሁሉ በእሷ ላይ ነበር።

ያው ደንብ ኩባንያዎች መቅዳትን እስከ የት መከልከል እንደሚችሉም ወሰነ። በአየር ላይ በነፃ የሚሠራጭ ቻናል ሊከለከል አይችልም ነበር፤ የተለመዱት የኬብል ቻናሎች ቢያንስ አንድ ቅጂ መፍቀድ ነበረባቸው፤ ለአንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው የሚታዩ ፊልሞች ግን ሙሉ በሙሉ ሊከለከሉ ይችሉ ነበር።

ከዚያ ደንቡ ቀስ በቀስ ተፈታ። በኦክቶበር 2010 ኤፍሲሲ ፋየርዋየር ግዴታ መሆኑን አንስቶ በምትኩ ኢተርኔት፣ ዋይፋይ ወይም ዩኤስቢ 3.0 ቢኖርም ይበቃል አለ። በኦክቶበር 2012 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ ኩባንያዎች መሠረታዊ ቻናሎችን ጭምር እንዲቆልፉ ተፈቀደላቸው፤ ያለ ቦክስ ገመዱን በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ማየት የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። በጃንዋሪ 2013 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኤኮስታር የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ባቀረበው ክስ የ2003ቱን ትዕዛዝ ሻረው። ኩባንያዎቹ በራሳቸው ቦክስ ውስጥም ኬብልካርድ እንዲጠቀሙ ያስገድድ የነበረው ደንብ በዲሴምበር 2015 አበቃ። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ኤፍሲሲ ኬብልካርድን የመደገፍ ግዴታውን አነሳ።

ስለዚህ ዛሬ ስልክ ደውሎ «በ76.640 መሠረት ፋየርዋየር ያለው ቦክስ አምጡልኝ» ማለት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የማይሻር መብት እንዳለዎት የሚነግሩ አሮጌ ጽሑፎች ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይዞራሉ፤ ሲጻፉ እውነት ነበሩ፣ አሁን ግን ጊዜያቸው አልፏል።

ለማየት፦ ኤችዲኤምአይን ያለ ጣጣ መሰካት

ሁሉንም ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። የግድግዳውን ገመድ በእጅ እስኪጠብቅ ያዙሩ፣ ከዚያ በ11 ሚሊሜትር ቁልፍ ሩብ ዙር ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ የቦክሱን መግቢያ ከሰሌዳው ላይ ይነቅለዋል። ኤችዲኤምአዩን ይሰኩ። ሲያበሩ ቴሌቪዥኑ ይቅደም፣ መሃል ላይ የድምፅ መሣሪያ ካለ እሱ ይከተል፣ ቦክሱ መጨረሻ ይሁን። ምክንያቱም ቦክሱ ሲነሣ በገመዱ ጫፍ ማን እንዳለና ምን ዓይነት ምስል እንደሚቀበል ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ዝቅተኛውን ጥራት መርጦ ሊቀመጥ፣ ወይም ጭራሹን ሊዘጋ ይችላል።

ለ720ፒና ለ1080አይ ውድ ገመድ አያስፈልግም። «ስታንዳርድ» የሚባለው ኤችዲኤምአይ ገመድ የሚፈተነው ልክ በዚያ ፍጥነት፣ 74.25 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ሻጩ «ወርቅ የተቀባ ነው፣ ቀለሙ ይደምቃል» ካለዎት ፈገግ ብለው ይለፉት፤ ዲጂታል ምልክት ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፣ ቀለም አያደምቅም። ባለ 4ኬ ቦክስ ከሆነ ግን «ሃይ ስፒድ» የሚለውን፣ ባጭር ርዝመት፣ ይግዙ።

ከዚያ የቦክሱን ሴቲንግ ይክፈቱ። ኤቢሲና ፎክስ በ720ፒ፣ ኤንቢሲና ሲቢኤስ በ1080አይ ያሠራጫሉ። ቦክሱ «ኔቲቭ» የሚል ምርጫ ካለው እያንዳንዱን ቻናል እንደመጣ ይለቃል፤ ነገር ግን ቻናል በቀየሩ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ይጠቁራል። ያ ካሰለቸዎት 1080አይ ላይ ያቁሙት። 480አይ ላይ ተረስቶ የሚኖር ቦክስ ብዙ ነው፤ ለኤችዲ እየከፈሉ ደብዛዛ ምስል የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህን ነው።

ችግር ሲመጣ ምስሉ ራሱ ምንጩን ይናገራል፦

– ነጫጭ ነጠብጣብ እንደ ብልጭታ ስክሪኑ ላይ ከተበተነ ጥፋቱ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ነው። ይቀይሩት ወይም ያሳጥሩት።
– ምስሉ ወደ ትላልቅ አራት ማዕዘኖች ከተሰባበረ፣ ከቆመ፣ ድምፁም ከተቆራረጠ ኤችዲኤምአዩን አይንኩ። ችግሩ ከግድግዳው የሚመጣው ምልክት ነው።
– ስክሪኑ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ «ኤችዲሲፒ» የሚል ጽሑፍ ከወጣ መተዋወቁ ከሽፏል። ቦክሱን ከኤሌክትሪክ ነቅለው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ መሃል ያለውን ማከፋፈያ አውጥተው በቀጥታ ይሞክሩ። በቀጥታ ከሠራ ጥፋተኛው ማከፋፈያው ነው።
– ባለ 4ኬ ቦክስ በ4ኬ ቴሌቪዥን ላይ 4ኬ እምቢ ካለ ሌላውን ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይሞክሩ። በመጀመሪያዎቹ 4ኬ ቴሌቪዥኖች ኤችዲሲፒ 2.2 የሚያውቀው አንዳንዴ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው።
– ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ገመዱ በዲቪአይ በኩል አልፎ እንደሆነ ይዩ። ዲቪአይ የተሠራው ለምስል ስለሆነ ድምፁን ለብቻ ገመድ ማምጣት ያስፈልጋል። በኤችዲኤምአይ ሆኖ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ የቦክሱን ድምፅ ከዶልቢ ወደ ስቴሪዮ ይቀይሩ።

ለመቅዳት፦ አሮጌው ቦክስ ገና ካለዎት

እንደ ሞቶሮላ 6412 ወይም ሳይንቲፊክ አትላንታ 8300ኤችዲ ያሉ ቦክሶች ላይ ፋየርዋየር አለ። ኩባንያው ገና በሥራ ላይ ካቆየው ሊሞከር ይገባል፤ ፋየርዋየር ያለው አሮጌ ኮምፒውተርም ያስፈልጋል። የቦክሱንና የኮምፒውተሩን ቀዳዳ ይቁጠሩ፤ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ገመዱም በዚያው ልክ ይመረጣል። ከ4.5 ሜትር አይበልጥ። ባለ 6ቱ ኤሌክትሪክ ስለሚሸከም አንዱ ጫፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራው ተገልብጦ እንዳይገባ ነው፤ ቀዳዳው ከላላ ግን በጉልበት ተገልብጦ ይገባል፣ ያኔ የኮምፒውተሩ ፋየርዋየር ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለቱም ጠፍተው ይሰካ።

የመጀመሪያ ሙከራዎን በፒቢኤስ ወይም በሌላ በአየር በነፃ በሚሠራጭ ቻናል ያድርጉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ «በነፃ መቅዳት» የሚል ምልክት ይዘው ስለሚመጡ ካልተቀዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦክሱ፣ ገመዱ ወይም ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ፋየርዋየሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነው። ነፃው ተቀድቶ የኬብል ቻናሉ ባዶ ፋይል ከሰጠ ግን መሣሪያዎ ደኅና ነው፤ ቻናሉ ተቆልፏል፣ ኮምፒውተሩም የዲቲሲፒ ፈቃድ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሴቲንግ ቢነካኩ አይከፈትም።

በማክ ላይ አፕል ለፕሮግራም ሠሪዎች ባወጣው የፋየርዋየር ጥቅል ውስጥ ኤቪሲ ቪዲዮ ካፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ሥራውን ይሠራል። የሚወጣው ፋይል የኤምፔግ ትራንስፖርት ፍሰት ነው፣ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ይከፍተዋል። አንድ ቴራባይት ዲስክ 115 ሰዓት ያህል ይይዛል። ቀረጻው ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ከቆመ ዲስኩ ፋት32 ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ በእሱ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። ዲስኩን በሌላ ዓይነት ያዘጋጁት።

ስለ ኢ-ሳታው ቀዳዳ አንድ ነገር፦ እሱ የቦክሱን ውስጣዊ መቅጃ ቦታ ማስፊያ ነው። ዲስክ ሲሰኩበት ቦክሱ ጠርጎ በራሱ መንገድ ያዘጋጀዋል፤ ውስጡ የነበረው ፎቶም የሠርግ ቪዲዮም ይጠፋል። የተቀዳው ለዚያ ቦክስ ብቻ ይከፈታል፤ ቦክሱ ተበላሽቶ ከተቀየረ ዲስኩ እጅዎ ላይ ቢኖርም ቀረጻው አይታይም።

ሦስቱ ባለ ቀለም ክቦች ሌላ በር ናቸው። በአናሎግ ስለሚያወጡ ኤችዲሲፒ የለባቸውም፣ ኤችዲም ያሳልፋሉ። ሃውፖጅ በ2008 ያወጣው ኤችዲ ፒቪአር በዚህ በኩል ገብቶ በኤች.264 እንደገና እያመቀ ይቀዳል። ጥራቱ ከፋየርዋየሩ ያንሳል፤ ግን ይሠራል። አዳዲስ ቦክሶች ላይ ክቦቹ እየቀሩ ነው።

ለመቅዳት፦ የራስ መሣሪያ በኬብልካርድ

ኬብልካርድ የሚቀበል ቲቮ የተባለ መቅጃ ወይም ሦስት ቻናል በአንዴ የሚቀበለው ኤችዲሆምረን ፕራይም ካለዎት ኩባንያው ገና ኬብልካርድ ያከራይ እንደሆነ አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ፤ ለአዲስ ደንበኛ የማይሰጡ አሉ። «ኤም-ካርድ» የሚባለውን ይጠይቁ፤ እስከ 6 ፍሰት በአንድ ጊዜ ይከፍታል። አሮጌው «ኤስ-ካርድ» አንድ ብቻ ነው።

ካርዱን ከማስገባትዎ በፊት መሣሪያው ያለ ካርድ ሶፍትዌሩን አድሶ ይጨርስ። ካስገቡ በኋላ ካርዱ ራሱ ከኬብሉ አዲስ ሶፍትዌር ሊያወርድ ስለሚችል ግማሽ ሰዓት ያህል አይንኩት፤ «አልሠራም» ብለው የሚነቅሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነው የሚያቋርጡት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ የካርዱ መለያ፣ የመሣሪያው መለያና የዳታ መለያ። ፎቶ አንስተው ለማጣመሪያ መስመሩ ይደውሉ፤ ለጠቅላላ ደንበኛ አገልግሎት ከደወሉ ቁጥሮቹን የት እንደሚያስገቡ የማያውቅ ሰው ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ቁጥሮቹን ተራ በተራ ካነበቡ በኋላ መልሰው እንዲያነቡልዎት ይጠይቁ። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ አይሠራም።

ምን እንደሚመስልም ይወቁ። የአየር ቻናሎቹ ይከፈታሉ፣ ዜናው ይታያል፣ የከፈሉባቸው የኬብል ቻናሎች ግን ጥቁር ይሆናሉ። ይህ የምልክት ችግር አይደለም። ያልተጣመረ ካርድ «በነፃ መቅዳት» የሚል ምልክት ያላቸውን ብቻ ነው የሚለቀው። በሞቶሮላ ካርዶች ላይ የካርዱን ገጽ ከፍተው «ቫል» ከሚለው ጎን «ቪ» ፊደል ካዩ ተጣምሯል፤ የጥያቄ ምልክት ካለ አልተጣመረም፣ ስልኩን ሳይዘጉ ምልክቱ እንደገና እንዲላክ ይጠይቁ። ቴክኒሻን ቀጥረው ቀን ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።

ተጣምሮም ጥቂት ቻናሎች ብቻ ከጎደሉ ኩባንያው ሰው ሲጠይቃቸው ብቻ የሚልካቸው ቻናሎች ይሆናሉ። ለእነዚህ «ቱኒንግ አዳፕተር» የሚባል ትንሽ ሳጥን በዩኤስቢ ከመቅጃው ጋር መያያዝ አለበት፤ ከኩባንያው ይጠየቃል።

የግድግዳው ምልክት በቁጥር

የመቅጃዎ ወይም የቦክስዎ የምርመራ ገጽ የምልክቱን ኃይል በዲቢኤምቪ ያሳያል። ዜሮ አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከ−12 በታች ወይም ከ+15 በላይ ሲሆን መሰባበር ይጀምራል። አንድ ምሳሌ እንሥራ፦ ቤት መግቢያው ላይ +3 አለ። ለአራት የሚከፍል ስፕሊተር 7 ዲቢ ይበላል። ከአንዱ መውጫ ላይ ሌላ ለሁለት የሚከፍል ተቀጥሏል፤ 3.5 ሄደ። ከዚያ 30 ሜትር አርጂ-6 ገመድ በከፍተኛው የቻናል ክልል 5.6 ያህል ይወስዳል። መቅጃው ጋ የሚደርሰው −13 ነው። ለዚህ ነው ሳሎን ያለው ደኅና ሆኖ ምድር ቤት ያለው የሚሰባበረው። ሦስት መሣሪያ ብቻ ካለዎት ሁለቱን ስፕሊተሮች አውጥተው ለሦስት የሚከፍል ይግጠሙ፤ ከሦስቱ መውጫ አንዱ የሚበላው 3.5 ብቻ ስለሆነ መቅጃው በእሱ ላይ ይሁን። አሁን −6 ሆነ። ትርፍ መውጫ ካለ በባለ 75 ኦም መዝጊያ ይዘጋ፤ ክፍት ከተተወ ምልክቱ እየተመለሰ ሌላውን ያውካል።

ቁልፍ የሌለበት መንገድ፦ አንቴና

የኬብሉ ነገር ካሰለቸ፣ በአየር የሚሠራጨውን መቅዳት ዛሬም ቀላሉ ነው። ኤፍሲሲ በኖቬምበር 2003 የአየር ሥርጭት ላይም የመቅጃ መቆለፊያ ምልክት እንዲከበር አዝዞ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በሜይ 2005 «ይህ ሥልጣንህ አይደለም» ብሎ ሰረዘው። ስለዚህ በመደበኛው የዲጂታል አየር ሥርጭት (ኤቲኤስሲ 1.0) ላይ አንቴና፣ ባለ ዲስክ የአየር መቅጃ፣ አለቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ዋሽንግተን ዲሲ ላሉ አንድ ወጥመድ አለ። ቻናል 7 (ኤቢሲ) እና ቻናል 9 (ሲቢኤስ) የሚሠራጩት በቪኤችኤፍ (ዝቅ ባለው የሞገድ ክልል) ነው፣ 4 እና 5 ግን በዩኤችኤፍ (ከፍ ባለው)። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ቀጭን አንቴና አብዛኛው የተሠራው ለዩኤችኤፍ ስለሆነ 4 እና 5 ጥርት ብለው ሲመጡ 7 እና 9 ይጠፋሉ። ቪኤችኤፍ የሚል የተጻፈበትን፣ ሁለት ዘንግ ያለውን ይምረጡ። ከዚያም ቻናል ይፈልግ ብለው ቴሌቪዥኑን እንደገና ያስሱ።

የአፓርታማው አስተዳዳሪ «በረንዳ ላይ አንቴና ክልክል ነው» ካለዎት የሚጠቅሱት ደንብ አለ፣ ይህኛው በሥራ ላይ ነው። ከ1996 ጀምሮ ያለው የኤፍሲሲ ደንብ፣ በ1999 ለተከራይም እንዲሠራ ሆኖ፣ እርስዎ ብቻ በሚጠቀሙበት በረንዳ ላይ የቴሌቪዥን አንቴናና እስከ 1 ሜትር የሆነ ዲሽ እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። ጣሪያውና የጋራ ግድግዳው ግን የሕንፃው ነው፤ ቀዳዳ መብሳትም ሊከለከል ይችላል።

ክፍያ፣ ቅሬታና መመለስ

ውል ሲገቡ ኩባንያው የወሩን ጠቅላላ ክፍያ፣ የቦክስ ኪራይን ጨምሮ፣ በጽሑፍ በ24 ሰዓት ውስጥ መላክ አለበት፤ ከተላከ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላሉ። ይህ ከዲሴምበር 20 ቀን 2020 ጀምሮ የጸና ሕግ ነው። በስልክ የተነገረዎትና በጽሑፍ የመጣው ካልተገጣጠመ የመሰረዣው ጊዜ አጭር ነውና ኢሜይልዎን ያን ዕለት ይክፈቱ።

ኩባንያው ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ቅሬታ ለኤፍሲሲ በ1-888-225-5322 ያስመዝግቡ፤ ያለ ክፍያ ነው። ቅሬታው ወደ ኩባንያው ይላካል፣ በ30 ቀን ውስጥም እንዲመልስ ይጠበቃል። ሲያስመዘግቡ የሂሳብ ወረቀቱን፣ የደወሉባቸውን ቀናትና ያነጋገሩትን ሰው የሥራ መለያ ይያዙ።

ቦክሱን ሲመልሱ ከሥሩ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ የርክክብ ደረሰኝ ላይ ያው ቁጥር መጻፉን ቆመው ያንብቡ። ሪሞቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ካርዱም ይቆጠራሉ፤ ኬብልካርዱ መቅጃ ውስጥ ተረስቶ ይሸጣል፣ ሂሳቡ ግን ይቀጥላል። ቦክሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መውሰድም አያዋጣም። የኩባንያው ንብረት ነው፤ የሚከፈተውም በኩባንያው ኔትወርክ ብቻ ነው። አገር ቤት የሚታየው የሳተላይት ሥርጭት የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሪሲቨር ነው፤ እሱን እዚያው መርካቶ ይገዙታል።